ለስቶክሆልም ሽርሽር ስንለማመድ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል ያገሬ ሰው። ይህን የተናገረው ሰው በደርግ ዘመን ሮም አልነበረም። እኛ በየሐሙሱ ኤስኲሊኖ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ተሰብስበን የምንናፍቀው በሙሉ አይተነው የማናውቀውን አገር ነበር። አንዷ ቶሮንቶን ትናፍቃለች፤ ሌላዋ ካርታ ላይ በጣቷ የማታገኘውን የአውስትራሊያ ከተማ። ሮም ሆኖ ሮምን የሚያደንቅ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ሮም ለእኛ የሰው ቤት ወለል ነበረች፤ ተወልውላ የማታልቅ።

ክፍሏ የምታስፈልገን ለሐሙስ ከሰዓት በኋላና ለእሑድ ብቻ ነው። የቀረውን ቀን እያንዳንዳችን በየአሠሪዎቻችን ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ መተኮሻና መጥረጊያ ከሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እናድራለን። ሐሙስ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ግማሽ ቀን የሚፈታበት ስለሆነ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያለው ጎዳና የእኛ ይሆናል። ክፍላችን ገብተን ጫማችንን እናወልቅና ሴትዮዎቻችንን እናማለን። ሐሜቱ ሲያልቅ የጉዞ ወሬ ይጀመራል።

እኔ ያኔ የምጠብቀው ጆሮዋ የከበደ አንዲት አሮጊት ነበር። ጣሊያንኛዬ የተቃናው እሷን ለማሰማት ስጮህ ነው። ስለዚህ ቢሮ የሚያስኬድ ጉዳይ በመጣ ቁጥር አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ «ቋንቋ ታውቃለች» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር የማውቀው መጮህ ነው።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አንድ ልጅ ብቻ ነበር ያላቸው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የቀበሌ ሰዎች ጎረምሳውን ከየጓዳው መልቀም ሲጀምሩ፣ ልጁ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሰው ወጣና ሱዳን ገባ። ቀበሌው እትዬን ጠርቶ ልጅሽ የት ነው ብሎ ሲያፋጥጣቸው አላውቅም ብለው ማሉ። ቆይተው ዘመድ ባገኘላቸው ኮንትራት ሮም መጡ። ልጁም ካርቱም ላይ ተንከራትቶ ተንከራትቶ በመጨረሻ ስቶክሆልም ደረሰ። እናትና ልጅ ከተያዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እትዬ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነሐሴ ላይ አሠሪዎቻቸው ወደ ባሕር ሲወርዱ ስቶክሆልም ሄዶ ልጅን አይቶ መመለስ።

«አንድ ሳምንት ይበቃኛል» ይሉ ነበር። «አይቼው፣ አብልቼው፣ ልብሱን አጥቤለት እመለሳለሁ። ፔርሜሶዬን ጥዬ የት እቀራለሁ?»

ፔርሜሶ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እትዬ በስንት ሰልፍ ያገኙትን ወረቀት ከደረታቸው ውስጥ ወሽቀው ነበር የሚዞሩት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። በዚያ ዘመን «ለሽርሽር» ብሎ ከሮም ወደ ሰሜን የሄደ አበሻ ሁሉ ሄዶ ቀሪ ነው። ደርሶ ለመመለስ ከልቡ ያሰበ ሰው ቢኖር እትዬ ብቻ ነበሩ። ማን ያምናቸዋል? እኛም አላመንናቸውም።

የቪዛ ሊቅ ነበረን። ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የመጣ፣ ቲቡርቲና አካባቢ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚሸከምና ሐሙስ ማታ ምግብ ፍለጋ እኛ ጋ ጎራ የሚል ጎልማሳ ነው። አራት ኤምባሲ ከልክሎታል። ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለው ሰው «አልቀናውም» ይባል ነበር፤ እኛ ጋ «ልምድ አለው» ተባለ። ምክር ሊሰጥ ሲል ጉሮሮውን ይጠርግና ሹካውን ያስቀምጣል፤ ሹካውን ካስቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው።

«እትዬ፣ ከሁሉ በፊት» አለ ሹካውን አስቀምጦ፣ «ልጅ የሚባል ነገር ይረሱ። እዚያ ሰው እንዳለዎት ካወቁ ሊቀሩ ነው ብለው ይከለክሉዎታል። እርስዎ የሚሄዱት ለሽርሽር ነው። ቱሪስት ነዎት።»

«ቱሪስት ምን ይሠራል?» አሉ እትዬ።

«ያያል።»

«ምኑን?»

«ያለውን ሁሉ።»

«አይቶስ?»

«ይመለሳል።»

እትዬ ዞር ብለው «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» በሚል ዓይን እኔን አዩኝ። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ የሚሄደው ለሠርግ፣ ለጸበል፣ ለንግሥ ወይም ለክስ ነው። የማያውቀውን ሰው አገር ዝም ብሎ ለማየት የሚሄድ ካለ፣ ወይ ሰላይ ነው ወይ ቤት ያለችው ሚስቱ አስመርራዋለች።

በሳምንቱ ሊቁ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘውን የስቶክሆልም መምሪያ ይዞ መጣ። አነበብኩላቸው። ከተማዋ ውኃ፣ ድልድይና ብስክሌት ናት። ከሁሉ የሚደነቀው ደግሞ አንድ ትልቅ የእንጨት መርከብ ነው አለ መጽሐፉ። ተሠርቶ ባሕር ላይ በወጣበት ቀን፣ ገና ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ሰመጠ። ስንት መቶ ዓመት ቆይተው ከባሕር ውስጥ ጎትተው አወጡትና ቤት ሠሩለት።

«ሰመጠ?» አሉ እትዬ።

«ሰመጠ።»

«ይህንን ነው ለሰው የሚያሳዩት?»

«አዎ።»

«አያፍሩም?»

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። አንዷ፣ ነገሩ የደረሰው እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሬዲዮው መርከቡ ሰመጠ አይልም፣ ሰፊውን ሕዝብ ይዞ በድል አድራጊነት ወደ ታች ገሰገሰ ይል ነበር አለች። ሬዲዮውን ሁላችንም እናስታውሰው ነበር። ቀጥሎ የንጉሡ ቤተ መንግሥት መጣ። እንግዲህ የገዛ ንጉሣችንን ያወረድን ሰዎች የሰው ንጉሥ ቤት ለማየት ቪዛ ልንለምን ነው። መርከቡና ቤተ መንግሥቱ የእትዬ የጉዞ ዓላማ ሆነው ጸደቁ።

ሊቁ በቃል ጥናት ብቻ አልረካም። ቱሪስትነት ከሁኔታ ይታወቃል አለና ልምምድ አዘዘ። አንድ ሐሙስ ሦስታችን የሮምን ጥንታዊ ቦታዎች ልናይ ወጣን። ለእትዬ ጥቁር መነጽር አድርገንላቸዋል፤ አንገታቸው ላይ ፊልም የሌለው ካሜራ አንጠልጥለናል። በእግር ሲሄዱ እንኳ ሊቁ ያርማቸዋል። «አይቸኩሉ እትዬ፣ ቱሪስት የሚደርስበት ቦታ የለውም።» እትዬ ደግሞ ሮም ውስጥ ቀስ ብለው ሄደው አያውቁም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሠራተኛ አውቶቡስ ያመልጠዋል።

ኮሎሴዎ የተባለው የጥንት ስታዲየም ጋ ስንደርስ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ሊቁ ደስ አለው፤ ማየት ለመዱ ብሎ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን» አሉ እትዬ፣ «ለጣሪያው ቆርቆሮ አጥተው ነው?»

ከዚያ አንድ ፏፏቴ አጠገብ ቆመን፣ ሊቁ በባዶው ካሜራ እትዬን ፎቶ እንደሚያነሳ ሆኖ ሲያጎነብስ፣ አንዲት ለባብሳ የወጣች ጣሊያናዊት ወደ እኛ መጣች። እትዬን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። መነጽሩን፣ ካሜራውን፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን አየች። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ሲኞራ፣ ጠዋት ጠዋት ትርፍ ሰዓት አለሽ? የእኔዋ ሠራተኛ ትታኝ ሄደች» አለቻቸው።

ሊቁ ካሜራውን አወረደ። እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝና አድራሻዋን ተቀብለው ለእህቴ ልጅ እነግራለሁ አሏት። «እንጀራ ነው፣ አይገፋም» አሉኝ መንገድ ላይ። እኔ ግን ከንክኖኛል። ሰው ምን ዓይነት መነጽር ቢያደርግ ነው እዚህ አገር ቱሪስት የሚመስለው? ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጓዙ ሌላ ጣጣ ነበር። ለሳምንት ሽርሽር የምትሄድ ሴት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ድርቆሽ በሻንጣ ሞልታ ተገኘች። ይህ የራሳቸው ነው። ስቶክሆልም ዘመድ ያለው ሁሉ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ የየራሱን ጥቅል ይዞ መጣ፤ ቪዛው ገና ሳይጠየቅ ክፍሏ መግቢያ አጣች። ሊቁ ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ ቱሪስት በርበሬ አይዝም!»

«ታዲያ በምን ይበላል?»

«የአገሩን ምግብ ይበላል።»

«አሃ» አሉ እትዬ በሐዘኔታ፣ «ለዚህ ነው ሁሉም የሚከሱት።»

ከአሠሪ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። የእትዬ ሲኞራ ስቶክሆልም የሚለውን ስትሰማ በሣቅ ፈረሰች። ብርድ ነው፣ ዓሣ ብቻ ነው፣ ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ፣ ከእኛ ጋር ባሕር ወርደሽ አትዝናኚም ወይ አለች። እትዬ ከእነሱ ጋር ሁለት በጋ «ተዝናንተዋል»። ከልጆቹ ጫማ አሸዋ ሲያራግፉና ዓሣ ሲጠብሱ ከረሙ፤ ባሕሩን ያዩት ልብስ ሲያሰጡ ነው። ደግነቱ ሲኞራዋ ክፉ አልነበረችም፤ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ብላ ጻፈችላቸው። ከሽርሽራቸው በሰዓቱ እንደሚመለሱ እሷ ራሷ ዋስ መሆኗን ጨመረችበት፤ መስከረም ላይ ቤቱን ማን ያጸዳል?

የቀረው የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነው። ሊቁ አልጋ ላይ ተቀምጦ የቆንስላ ሹም ሆነ። እትዬ ከፊቱ ቆሙ። ለምን ስቶክሆልም? መርከቡን ለማየት። የት ያርፋሉ? ሆቴል። መቼ ይመለሳሉ? ከሳምንት በኋላ። እንደ ዳዊት ደግመው ደግመው ስለያዙት አንድም አይስቱም። ከዚያ፦

«ልጆች አሉዎት?»

«አንድ።»

«የለኝም ይበሉ!»

እትዬ ደረታቸው ውስጥ የወሸቁትን ወረቀት ዳበስ አደረጉ።

«እትዬ፣ አንድ ቃል ናት። የለኝም።»

«በቁሙ?» አሉ።

«እንዴት በቁሙ?»

«ልጄ በቁሙ እያለ፣ በገዛ አፌ የለኝም ልበል? እናት ያሟረተችው አይቀርም እኮ። ለቀበሌው አላውቅም ብዬ ምያለሁ፤ እሱንም ንስሐ ገብቼበታለሁ። ይህን ግን አታስብሉኝ።»

ሊቁ ተቆጣ። ከዚህ ቃል የተነሣ ስንቱ እንደተመለሰ ዘረዘረ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ከሱ ጎን ቆምን፤ እኔም ጭምር። ውሸት የጉዞ ልብስ ነው፣ እዚያ ሲደርሱ ያወልቁታል አልናቸው። ሁላችንም አንድ ቦታ አንድ ነገር የለኝም ብለን ነው እዚህ የደረስነው። አንዷ ባሏን ወንድሜ ብላለች፤ ሌላዋ ዕድሜዋን ቆርጣ ጥላለች። በመጨረሻ እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኛም እሺ ማለታቸው ነው ብለን ተረጎምነው።

ቀኑ ደርሶ እኔና እትዬ የዚያ አገር ቆንስላ ሄድን። ሹሟ ቀጭን፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። እኔ እንደ ለመደብኝ ጮኼ «ቡዎን ጆርኖ» ብዬ ሰላም ስላት ደንግጣ እስክሪብቶዋን ጣለች። ለምን ስቶክሆልም ብላ ጠየቀች። እትዬ መርከቡን ለማየት አሉ፤ ስለ መርከቡም ከመጽሐፉ የነገርኳቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተረኩ። ሴትዮዋ ፊቷ በራ። እኔ በልቤ ሊቁን መረቅኩት።

«ፊሊ?» አለች ሹሟ በጣሊያንኛ። ልጆች ማለቷ ነው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ የሮም ሴት ሁሉ ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው እሱን ነው። እኔ ፈጥኜ የላቸውም ልል አፌን ስከፍት፣ የእትዬ እጅ ክንዴን ጨመቀው።

«ኡኖ» አሉ። አንድ።

«የት ነው?»

«ስቶክሆልም።»

በቃ አልኩ። የስንት ሐሙስ ድካም፣ የመነጽሩ፣ የመርከቡ፣ አለቀለት። ሹሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየችን። ከዚያ ሣቀች፤ የንቀት ሣቅ አልነበረም።

«ታዲያ መርከቡ ምን ይሠራል?» አለች። «እናት ልጇን ልትጠይቅ መሄዷ ምን ነውር አለው? ልጅዎ እዚያ ካለው ቢሮ ይሂድ። እናቴ ሮም ናት፣ ልትጠይቀኝ ትፈልጋለች ይበል። እነሱ ለእኛ ይጽፉልናል፣ እኔ ቪዛውን እሰጥዎታለሁ። ለምን ከመጀመሪያው አልነገራችሁኝም?»

እውነት የሚሠራበት አገር መኖሩን ማን ነግሮን! በቀበሌ፣ በኬላ፣ በኤምባሲ ሁሉ ያዳነን ውሸት ነው። እትዬ ግን ተርጉሜላቸው እስክጨርስ አልጠበቁም። ተነሥተው የሴትዮዋን እጅ ለመሳም ጎንበስ ሲሉ፣ እሷ ምን ሊሆን ነው ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ጎተተች።

ከዚያ እስከ ተርሚኒ ድረስ እትዬን መከተል አቃተኝ። ያቺ ቀስ ብላ መሄድን የተለማመደች ቱሪስት ጠፍታለች። «ያ ያንተ ሊቅ ይምጣና ይስማ!» እያሉ እኔን በወንድ አንቀጽ ይጠሩኛል፤ ከደስታ ብዛት። እኔም ማታ ሊቁን እንዴት እንደማበሽቀው ቃላት እየመረጥኩ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ካለው የስልክ ቤት ገብተን የልጃቸውን ቁጥር ሰጠን። ሁለታችን አንዷ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተጣብበን ገባንና መስማቻውን በመካከላችን ያዝነው።

«እማዬ? ምነው፣ ደህና ነሽ?» አለ ልጁ። ድምፁ ጎርንኗል።

«ደህና ነኝ! ልጄ፣ ስማኝ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ቢሮ ሂድ። እናቴ ሮም አለች፣ ጥሩልኝ በላቸው። ቪዛውን ልትሰጠኝ ነው፤ ሴትዮዋ ራሷ ነው የነገረችኝ። አንተ እናት አለኝ ማለት ብቻ ነው።»

ልጁ መስማቻውን ከአንድ ጆሮው ወደ ሌላው ሲያዛውር ተሰማን።

«ሰማኸኝ?»

«እማዬ… እንደሱ ማለት አልችልም።»

«ምን ቸገረህ?»

«ስመጣ ጊዜ… ሞታለች ብያቸዋለሁ። ካርቱም የነበሩት ልጆች ናቸው የመከሩኝ። እናቴ ሮም ናት ካልክ እሷ ጋ ሂድ ብለው ይመልሱሃል አሉኝ። አሁን አለች ብል ውሸታም ነህ ብለው ያባርሩኛል። ምን ላድርግ እማዬ?»

የእኛው ምክር ነው። የዚያችን ክፍል ምክር ካርቱምም ላይ ሰዎች ተቀምጠው ይሰጡታል፤ ምናልባት እነሱም ሹካ ያስቀምጡ ይሆናል። ተናደድኩ። ማንን እንደምሳደብ ግን አላወቅሁም። እትዬን ለማየት ፈራሁ፤ ሳጥኗ ጠባብ ስለሆነች ግን ፊቴን የማዞርበት ቦታ አልነበረም።

እትዬ አላለቀሱም። በነጠላቸው ጫፍ መስማቻውን ጠረጉት።

«በምን ሞትኩ አልካቸው?»

«እማዬ፣ ተይ…»

«ንገረኝ።»

«በኩላሊት።»

«እሺ» አሉ። ጥቂት አሰቡ። «እና ይህን ስትናገር አጠገብህ ሰው ነበር? ያስተዛዘነህ አለ?»

የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ከዚያ እሱም ተቆራረጠ። እትዬ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉት።